ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው

ጥቅምት 6 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ክፍል ደጃፍ ድረስ ይምጣልህ። ጤናህስ? ሥራውስ? አብሮህ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪስ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ በቀር ምንም አይለኝ።

የኮምፒዩተሩን ዕቃ ያስያዝካት ነጋዴ በሰላም አደረሰችልኝ። ቦርዱን በልጆች ካፖርት መሐል ጠቅልላ፣ ሚሞሪውን በካልሲ ውስጥ ከትታ ነው ያመጣችው። ሳጥኑን እንዳልከኝ እዚሁ ገዛሁ። ከውስጡ ኃይል ሰጪውና የቀጫጭን ሽቦዎች ጥቅል አብሮ ነበር፤ በቦርዱ መመሪያ ላይ ቦታ ያላቸውን ሁሉ እየፈለግሁ ሰካኋቸው።

የጻፍክልኝን ማብራሪያ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው የገጣጠምኩት። ነፍሱን ይማረውና ባሌ፣ ወንድምህ፣ ያኔ «ብሎን» ብሎ ስም ያወጣልህ በከንቱ አልነበረም፤ በሥዕልህ ላይ ካሉት ብሎኖች አንዲት እንኳ አልጎደለችም። ብሎኖቹን በየመጠናቸው በስኒ ማስቀመጫ ሳህኖች ላይ ስለደረደርኳቸው ስኒዬን እጄ ላይ ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ፕሮሰሰሩን ሳስቀምጥ ትንፋሼን ያዝኩ። ሚሞሪውን «በቀስታ» ስላልከኝ በቀስታ አስገባሁት።

ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ። ፋኑ ዞረ። ፊት ለፊት ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጥቁር።

የማስቸግርህ ምክንያት አለኝ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ አራሚዎችን ሁሉ ሰብስቦ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ የእርማት ወረቀት እንደማይታተም ነግሮናል። ሥራው በዲስክ ይሰጣል፤ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ያርማል፣ የሌለው ይሰናበታል። ከአራሚዎቹ ማሽን የሌለን ሦስት ነን። ሁለቱ ዲግሪ ስላላቸው የትም ይቀጠራሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭና አንተ ወርውረህ ከምትወጣው ደብተር ላይ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣሁ የሚቀበለኝ ማተሚያ ቤት የለም።

እስኪ ምን ላድርግ?

እትዬህ


ኅዳር 1 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ነሽ? ጉልበትሽን ደረጃ አታሳዪው። እኔ ደህና ነኝ። ዳቦ ጋጋሪውም ደህና ነው፤ እኔ ስነሳ እሱ ይተኛል፣ እሱ ሲነሳ እኔ እተኛለሁ፤ አልጋችን ቀዝቅዞ አያውቅም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ፋኑ ከዞረ ኃይል እየደረሰው ነው ማለት ነው፤ እሱ ጥሩ ነው። ስለዚህ ተራ በተራ እንሂድ። የስክሪኑ ገመድ የገባው ቦርዱ ላይ ነው ወይስ ለብቻው የላክሁልሽ ካርድ ላይ? ቦርዱ ላይ ከሆነ ንቀይና ካርዱ ላይ ሰኪው። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችው ነጥብ መብራት ቀለሟ ምንድን ነው? ከፕሮሰሰሩ አጠገብ አራት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሶኬት አለች፤ ገመድ ገብቶባታል? ብዙ ሰው እሷን ይረሳል። እኔ የምሠራበት ጥገና ቤትም በየሳምንቱ አንድ ሰው እሷን ረስቶ «ማሽኔ ሞተ» እያለ ይመጣል።

ፋኑ ዞሮ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ጠረን አለው? የምታዪውን ሁሉ ጻፊልኝ። ትንሽ ነው ብለሽ አትለፊ። እኔ እዚህ ሆኜ በአንቺ ዓይን ነው የምሠራው።

ደግሞ አትቸኩዪ። ጥር ገና ነው።

ብሎን


ኅዳር 19 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ጤናና ዕረፍት ይስጥህ፤ አልጋችሁም ለሁለታችሁ ይበቃችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው።

በጠየቅኸኝ ተራ እመልሳለሁ። የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ ነው። ነጥቧ መብራት ብርቱካንማ ናት። አራት ቀዳዳ ያላትን ሶኬት ረስቻት ነበር። አየህ፣ እኔም «ማሽኔ ሞተ» ከሚሉት ነኝ። ገመዱን ከሌሎቹ ጋር ታስሮ አገኘሁትና ሰካሁት። በጣም ደስ አለኝ፤ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት እጄን ታጠብኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ፋኑ ይዞራል፤ አይቆምም። ጠረን የለውም። ይህን ያረጋገጠልኝ ጎረቤታችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው፤ አፍንጫውን አስገብቶ ካሸተተው በኋላ «አልተቃጠለም፤ ሞተር ቢሆን ኖሮ አሳየው ነበር» ብሎኝ ሄደ። ማሽኔ ሞተር ባለመሆኑ እስካሁን የተቀየመኝ ይመስላል።

ካርዱን አውጥቼ መልሼዋለሁ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ በመመሪያው መሠረት ሰክቻቸዋለሁ። ቦርዱ ላይ የተቃጠለ ወይም ያበጠ ነገር አይታይም። አቧራ እንዳይገባበት ማታ ማታ አንሶላ አለብሰዋለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ ስለ እሱ አስባለሁ፤ ባለፈው አንድ ገጽ ሙሉ አንብቤ አንድም ስህተት ሳላይ አለፍኩ፤ ተመልሼ ሳየው አራት ነበረው።

ኃላፊው በኮሪደር አግኝቶኝ «ማሽኑስ?» አለኝ። ደርሷል አልኩት። መድረሱ ውሸት አይደለም። ከሦስታችን አንዷ የባሏን ወንድም ማሽን ተውሳለች፤ ሌላኛው ሌላ ሥራ እያፈላለገ ነው።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌልሃለሁ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 10 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ክፍል ቀይሬ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን አመጣ፤ ለሦስት የሚሆን አልጋ አይደለም። አሁን ያለሁት ከአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ በላይ ነው፤ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ማሽኑ ምን እንደምልሽ አላውቅም። የጻፍሽልኝን እያነበብኩ በሐሳቤ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ የማይነሳ ማሽን የለም። አንድ ያልነገርሽኝ ነገር መኖር አለበት። ወድቆብሻል? ውኃ ነክቶታል? ነጋዴዋ ጥላው ይሆን? ከሆነም አልቆጣም፤ እውነቱን ካላወቅሁ ግን በጭፍን ነው የምፈልገው።

እንደኔ ግምት ቦርዱ ሞቷል። ሌላ እገዛለሁ። ለዚሁ ብዬ የቅዳሜና የእሑድ ተጨማሪ ሥራ ይዣለሁ፤ በጥር ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ። እስከዚያ ግን እዚያ ጥገና ቤት ውሰጂውና አንድ ሰው በዓይኑ ይየው።

ባለፈው እሑድ ጎረቤትሽ ቤት የደወልኩት ይህንኑ ላማክርሽ ነበር። መስመሩ መጥፎ ስለነበር ቶሎ ዘጋሁ። እንዳይከፋሽ።

ብሎን


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

አዲሱ ክፍልህ የሰላም ይሁንልህ፤ ወለሉም ይረጋጋልህ።

ቦርድ እንዳትገዛ። አደራ። ማሽኑ አልወደቀም፣ ውኃም አልነካውም፤ ነጋዴዋን አትጠርጥራት። ለኔ ብለህ የዕረፍት ቀንህን መሸጥ የለብህም፤ እስካሁን የወሰድኩብህ ይበቃል።

በነገርከኝ መሠረት ጥገና ቤት ወሰድኩት። ብርድ ልብስ ጠቅልዬው፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ስሄድ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ሕመምተኛ ነው ብሎ ቀስ ብሎ ነዳልኝ። ባለ ጥገናው ሳይከፍተው «ተዪውና ሂጂ፤ ተራው ሲደርስ ይታያል» አለኝ። ከኋላው በመደርደሪያ ላይ የባለቤቶቻቸው ስም የተለጠፈባቸው ማሽኖች አሉ፤ አቧራው ስሙን ሸፍኖታል። መቼ ነው ተራው አልኩት። «እመቤቴ፣ ይኼ ሁሉ እኮ ያንቺ ታላቅ ነው» አለኝና ሳቀ። ማሽኔን አቅፌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በመጣሁ ቁጥር እየነቀልኩ እየሰካሁ አበራዋለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስት ደጅ አግኝታኝ «ምነው፣ ጫጩት ማርባት ጀመርሽ እንዴ? ባሌ እኮ ለሽለምጥማጥ ወጥመድ ሊገዛልሽ ነው» ትለኛለች። እሷና ባሏ በኔ ማሽን ሲሳሳቁ ነው የሚውሉት። ይሳቁ፤ ማንም ካልሳቀበት ምን ይሠራል።

የቀረኝን ቀን እየቆጠርኩ ነው። ኃላፊው አሁን «ማሽኑስ?» ማለት ትቷል፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ትናንት የጠረጴዛዬን መሳቢያ አጸዳሁ። ማንም ሳይለኝ ነው። እርሳሶቼን በላስቲክ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ።

ስለ ስልኩ አትጨነቅ። መስመሩ መጥፎ ነበር፤ ልክ ነህ።

እትዬህ


ጥር 16 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታውን ስለማሳጥር ይቅር በይኝ። ነገ የሚነሳ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከቦርድ ይልቅ ይህን ወረቀት ይዞልሽ ይመጣል።

ጫጩቱ የምን ጫጩት ነው?

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ቆሜ አነበብኩና ሳቅሁ። ወደ ሥራ ተመልሼ የአንድ ደንበኛ ማሽን ከፍቼ ጣቴን ድምፅ ማውጫው ላይ ሳሳርፍ ነው ክው ያልኩት። ማሽንሽ ይጮኻል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየጮኸ ነው፤ አይደለም? እኔ ድምፅ ማውጫ አልላክሁልሽም፤ ስለዚህ አልጠየቅኩሽም። ከሳጥኑ ጋር መጥቶልሽ፣ አንቺም በሥርዓቱ ሰክተሽዋል። ማሽን ሲታመም በእሱ በኩል ነው ሕመሙን የሚናገረው። አንቺ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየጮኸብሽ የመብራቱን ቀለም ትጽፊልኛለሽ።

ለምን እንዳልነገርሽኝ አውቃለሁ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ አንዴም «ሰማሁ» ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ወሬ «ይደርስሻል» እንጂ አትሰሚውም። በደብዳቤሽ ውስጥ በር አይንኳኳም፣ ዝናብ ጣራ አይመታም፣ ውሻ አይጮኽም። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም ነበር። ካስተዋልኩ ወዲህ ግን ደብዳቤሽን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው፤ አንዴ እንኳ ረስታው ይሆን እያልኩ።

እኔስ ከአንቺ ምን እሻላለሁ? መስመሩ መጥፎ አልነበረም። ድምፅሽን ለይቼ መስማት አልቻልኩም፤ አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽ።

አሁን ይህን አድርጊ። ማሽኑን አብሪና ጩኸቱን አድምጪ። ረጅም ሆኖ ደጋግሞ የሚጮኽ ከሆነ ሚሞሪው በትክክል አልገባም ማለት ነው። አጥፊው፤ ከሶኬት ንቀይው፤ ሚሞሪውን አውጪ። መልሰሽ ስታስገቢ በሁለት አውራ ጣት ተጫኚው። ጠንከር አድርገሽ። የግራና የቀኙ መያዣ ራሳቸው ተነሥተው እስኪነክሱት ድረስ። «በቀስታ» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ የኔ ዕቃ ሲሆን እጅሽ እንደሚፈራ ማወቅ ነበረብኝ። አይሰበርም። ተጫኚው።

ይህን ከጻፍኩ አይቀር ሌላውንም ልጻፍ፤ ሁለተኛ ድፍረቱ አይመጣልኝም። ጆሮዬን ያመመኝ ሰሞን ወንድሜ መኪናውን ይዞ መንገድ ወጥቶ ነበር። አንቺ ዘይት አሙቀሽ ጠብ ታደርጊልኝና ወደ መጽሐፍሽ ትመለሺ ነበር። እኔ ስነጫነጭ «ቆይ፣ ይችን ገጽ ልጨርስ» ትይኛለሽ። ሐኪም ጋ የደረስነው ከጆሮዬ በወጣው ፈሳሽ ትራሴ ከረጠበ በኋላ ነው፤ ቀኝ ጆሮዬ በዚያው ደነቆረ። በዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ብዙ ዓመት ተናድጄብሽ ኖሬያለሁ። አሁን የቱ ጋ እንደደረስኩ እኔም አላውቅም፤ ተረስቷል ብዬ አልዋሽሽም። በሥራዬ ግን አልተቸገርኩም ነበር። የማሽኑን ጩኸት ጣቴን ድምፅ ማውጫው ላይ አድርጌ በመንዘሩ ነው የምቆጥረው፤ ከባለ ሁለት ጆሮዎቹ እፈጥናለሁ። ከክረምት ወዲህ ብቻ ደንበኛ ፊት አልቀመጥም፤ ሰው የሚነግረኝን ማስደገም ስላበዛሁ ኋላ ክፍል አስገብተውኛል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር። ያ መጽሐፍ መጨረሻው ምን ሆነ?

ብሎን


የካቲት 8 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ። ዛሬ ከዚህ በላይ ሰላምታ አልጽፍም።

መልእክተኛው መንገድ ላይ ስለቆየ ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በጥር መጨረሻ ኃላፊው ዲስኮቹን ሲያድል እጄ ባዶ ሆኖ ቆምኩ። ስንብት የተጻፈበትን ወረቀት አዘጋጅቶልኝ ነበር። እኔ፣ አንተ እንደምታውቀኝ፣ በሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሴት፣ በሩን ይዤ «አንዴ ይስሙኝ» አልኩት። ምን እንዳልኩ ሙሉውን አላስታውስም። ማሽኔ የሚጮኽ ማሽን ነው፤ የሚጮኽ ነገር ደግሞ አልሞተም ብዬዋለሁ መሰለኝ። ያኔ ደብዳቤህ ገና በእጄ አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ።  ዲስክ አልነካም ብሎ በእጁ የሚጽፍ አንድ አዛውንት ደራሲ አላቸው፤ ኃላፊው የሱን ወረቀት ከፊቴ ገፋ አድርጎ «ይህ እስኪያልቅ ነው» አለኝ። የሰውየው ጽሕፈት ዶሮ የጫረው አፈር ነው። እግዜር ይስጠው፣ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም።

መልእክትህን ያመጣው ሰው ደጄ ላይ እንደቆመ አነበብኩት። ሻይ እንኳ ሳልለው ሄደ፤ ሲሄድም አላየሁትም። ማሽኑን አበራሁት። ረጅም ነው፣ ይቆማል፣ ደግሞ ረጅም። አጥፍቼ ነቀልኩት። ሚሞሪውን አወጣሁ። ስመልሰው የሚሰበር መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ተጫንኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ በሌላው ጫፍ ቀጭ። ሳበራው አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርጎ ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። አንብቤ ሳልጨርሰው አለፈ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያመለጠኝ ጽሑፍ የለም። በማግሥቱ ዲስክ ተሰጠኝ። ኃላፊው ቀጥያለሽ አላለኝም፤ የስንብቱን ወረቀት ግን ጀርባውን ገልብጦ የስልክ ቁጥር ሲጽፍበት አይቻለሁ።

ስለ መጽሐፉ ጠየቅኸኝ። አልጨረስኩትም። ከሐኪም ስንመለስ አንተን አስተኝቼ ለባለቤቷ ለልብስ ሰፊዋ ወስጄ መለስኩላት፤ «እንዴት ነው?» ስትለኝ ጥሩ ነው አልኩና ወጣሁ። በታሪኩ ውስጥ ያለችውን ሴት ልጇን አዝላ ከወንዝ ዳር እንደቆመች ነው የተውኳት። ተሻግራ ይሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ለሰው ነው፤ ነጥብና ፊደል ነው የማየው፤ ማን ሞተ ማን ተረፈ ሳልል እጨርሰዋለሁ። ያን መጽሐፍ በመንገድ ዳር ሻጭ እጅ ሳየው በሌላው መንገድ እሄዳለሁ። አሁንም ቢሆን ገዝቼ ልጨርሰው የምችል አይመስለኝም። ልታውቀው ከፈለግህ ግን እገዛውና መጨረሻውን ገልብጬ እጽፍልሃለሁ።

ይቅርታ ልበልህ ብዬ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ። በደብዳቤ የሚላክ አልመሰለኝም።

አሁን ደግሞ እኔ የምጠይቅህ አለኝ፤ በተራ መልስልኝ። ደንበኛ ፊት ስትቀመጥ ኖረህ ኋላ ክፍል ያስገቡህ ከክረምት ወዲህ ነው ብለሃል። ቀኝ ጆሮህ ከልጅነትህ ጀምሮ ያው ነው። ታዲያ ዘንድሮ ምን ተለወጠ? ግራው ነው? መቼ ጀመረህ? ያምሃል? ፈሳሽ አለው? ሐኪም አይቶታል ወይስ ለቦርድ ያልከው ተጨማሪ ሥራ ጊዜ ነሥቶህ «ቆይ» እያልከው ነው?

ካላየው ይህን ወረቀት ካነበብክበት ቦታ ተነሥተህ ሂድ። በጠረጴዛህ ላይ የተከፈተ ማሽን ካለ ተከፍቶ ይቆይ።

እትዬህ